የቴክኒክ ንድፍን በቬክተር ምስልነት ወደ ወርድ ሰነድ ስለማስገባት

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የአንድ ማሽን የጥገና መመሪያ በማይክሮሶፍት ወርድ እያዘጋጀሁ ነው። በውስጡ አውቶካድ ከተባለው የንድፍ ፕሮግራም የሚወጡ አርባ ያህል ንድፎች ይገባሉ፤ አብዛኞቹ የዘንግ፣ የኩሽኔታ መቀመጫና የማርሽ ቁርጥ ንድፎች ናቸው። እስካሁን ስክሪንሾት እያነሣሁ እለጥፍ ነበር። ስክሪኑ ላይ ደህና የሚመስለው ሥዕል ሲታተም ግን የመስመሮቹ ጠርዝ ተሰባብሮ፣ የልኬት ቁጥሮቹም ደብዝዘው ይወጣሉ። በተለይ 6 እና 8 አይለዩም፤ መመሪያውን ይዞ ዘንግ የሚያስጠርብ ሰው አንዱን በሌላው ቢያነበው ሥራው ሁሉ ከንቱ እንደሚሆን ሳስብ ነገሩን እንዲሁ ማለፍ አልቻልኩም።

ከዚያ ንድፉን በደብሊውኤምኤፍ (WMF) የምስል ፎርማት አውጥቼ ሞከርኩ። መስመሮቹ ጠሩ፤ ነገር ግን ክቦቹ ብዙ ጎን ያላቸው ቅርጾች መሰሉ፣ በአማርኛ የጻፍኳቸው የክፍል ስሞች ወደ ጥያቄ ምልክትነት ተለወጡ፣ በቢጫ የተሠሩት መስመሮችም ነጭ ወረቀት ላይ ለዓይን ጠፉ። ትክክለኛው መንገድ የትኛው እንደሆነ ብታስረዱኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

የመጀመሪያ መልስ

የስክሪንሾቱ ችግር ከፒክስሉ፣ ማለትም ሥዕሉ ከተሠራባቸው ነጥቦች፣ ቁጥር ይጀምራል። 160 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ሥዕል በአንድ ኢንች 96 ፒክስል ከተያዘ በአግድም ያለው 605 ፒክስል ገደማ ብቻ ነው፤ 0.25 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው መስመር አንድ ፒክስል እንኳ አይሞላም። ቬክተር ግን መስመሩ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያርፍና ምን ያህል እንደሚወፍር ብቻ መዝግቦ ይይዛል፤ ነጥቦቹ የሚሰሉት በሚታተምበት ጊዜ ስለሆነ፣ በኢንች 600 ነጥብ የሚያትም ማሽንም ሆነ 1200 የሚያትም እንደ አቅሙ አጥርቶ ያወጣዋል።

ደብሊውኤምኤፍ የመረጡት በመጥፎ አጋጣሚ ነው። የድሮ ባለ 16 ቢት ፎርማት ሲሆን ዩኒኮድን (የዓለም ፊደላትን ሁሉ የሚይዘውን የኮድ ሥርዓት) ስለማያውቅ የግዕዝን ፊደል ሊይዝ አይችልም፤ አውቶካድም ክቡን ወደዚህ ፎርማት ሲያወጣ በአጫጭር ቀጥታ መስመሮች ይከፋፍለዋል። ተከታዩ ኢኤምኤፍ (EMF) ባለ 32 ቢት ነው፣ ዩኒኮድንም ይቀበላል። ወርድ 2019ና ከዚያ በኋላ የወጡት እትሞች ደግሞ ኤስቪጂ (SVG) የተባለውን የቬክተር ፎርማት በቀጥታ ስለሚያስገቡ፣ ሰነዱን የሚከፍቱት ሰዎች ሁሉ አዲስ ወርድ ካላቸው ኤስቪጂን እመርጣለሁ፤ የድሮ እትም የሚጠቀም ካለ ኢኤምኤፍ ይሻላል። ኢፒኤስ (EPS) የተባለውን ሌላ የቬክተር ፎርማት የሚመክርዎ ቢኖር አይቀበሉት፤ ማይክሮሶፍት በደኅንነት ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2017 ከኦፊስ ዘግቶታል።

እኔ የምሠራበት መንገድ ይህ ነው። ንድፉን ከአውቶካድ ወደ ፒዲኤፍ ሳትም ሞኖክሮም የተባለውን የፕሎት ስታይል (የኅትመት ቀለም መወሰኛ) እመርጣለሁ፤ በጥቁር ስክሪን ላይ እንዲለዩ የተመረጡት ቢጫና ሰማያዊ ሌየሮች (የንድፉ ንብርብሮች) በዚህ ሁሉም ጥቁር ይሆናሉ። ፒዲኤፉን ኢንክስኬፕ በተባለው የቬክተር ሥዕል ፕሮግራም ከፍቼ ገጹን በሥዕሉ ልክ ካጠበብኩ በኋላ በኤስቪጂ ወይም በኢኤምኤፍ አስቀምጣለሁ። የአማርኛ ፎንቱ በተቀባዩ ኮምፒውተር ላይ ስለመኖሩ ማረጋገጫ ከሌለዎት ጽሑፉን ወደ ቅርጽ ይለውጡት፤ ከዚያ በኋላ ግን ቃሉን ፈልጎ ማግኘትም ማረምም ስለማይቻል ዋናው ፋይል ሳይነካ ይቀመጥ።

ሁለተኛ መልስ

በፎርማቱ ጉዳይ ከላይ ከተጻፈው ጋር እስማማለሁ። ነገር ግን ከፎርማቱ የሚብስ፣ ብዙዎቻችን የምንሳሳትበት ነገር የሥዕሉ መጠን ነው። አንድ ምሳሌ እናስላ። የኤ1 ወረቀት 841 ሚሊሜትር ይረዝማል። በዚያ ወረቀት ልክ የተሠራ ንድፍ ኤ4 ገጽ ላይ ግራና ቀኙ 25 ሚሊሜትር ተትቶ በሚቀረው 160 ሚሊሜትር ውስጥ ሲገባ ወደ አንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። 2.5 ሚሊሜትር ቁመት የነበረው የልኬት ቁጥር ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም፤ 0.25 የነበረው መስመርም ወደ 0.05 ይወርዳል። ቬክተር መሆኑ ይህን አያድነውም፤ ጥርት ያለ፣ ግን የማይነበብ ጽሑፍ ነው የሚሆነው።

ስለዚህ ንድፉ ከመጀመሪያው ለሚገባበት ገጽ ይዘጋጅ። በአውቶካድ 160 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ሌይአውት (የኅትመት ገጽ) ይክፈቱ፤ ጽሑፉን 2.5 ሚሊሜትር፣ ዋናውን መስመር 0.5፣ የልኬት መስመሩን 0.25 አድርገው ያውጡ፤ ወርድ ውስጥ ሲያስገቡትም መጠኑ 100 በመቶ ይሁን፣ ማዕዘኑን ይዘው በፍጹም አይጎትቱት። እኔ በአንድ መመሪያ ላይ ሥዕሎቹን በዓይን እየገመትኩ ስጎትት ቆይቼ፣ ታትሞ ሲመጣ በአንዱ ገጽ ላይ ያለው የዘንግ መስመር በሚቀጥለው ገጽ ካለው እጥፍ ወፍሮ አገኘሁት፤ አንባቢ ደግሞ የመስመር ውፍረትን ትርጉም እንዳለው አድርጎ ያነባል። በገጹ የማይበቃ ዝርዝር ካለ ያንን ቦታ ብቻ ለይተው በትልቅ ስኬል ሌላ ሥዕል ይሥሩለት፤ ወይም ሴክሽን ብሬክ (የሰነድ ክፍል መለያ) ተጠቅመው ያንን ገጽ ብቻ በአግድም ያድርጉት።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። በተነገረኝ መሠረት አሥር ንድፎችን ሠርቼ ሰባቱ እጅግ ጥሩ ሆነዋል፤ የአማርኛው ጽሑፍም ሳይለወጥ ታትሟል። ሁለቱ ግን አሁንም ጠርዛቸው ይሰባበራል፤ እነዚህ ከኢንክስኬፕ ኮፒ አድርጌ የለጠፍኳቸው ናቸው። አንዱ ደግሞ ከግርጌው ቀጭን ቁራጭ ብቻ እየታየ የቀረው ተቆርጧል።

የመጀመሪያው መላሽ

ኮፒ ሲደረግ አንዱ ሥዕል በብዙ ፎርማት አብሮ ስለሚተላለፍ ወርድ ከመካከላቸው የፒክስሉን ሊወስድ ይችላል። ሁልጊዜ ኢንሰርት ከሚለው ማውጫ ፒክቸርስን መርጠው ፋይሉን ራሱን ያስገቡ። ለማረጋገጥ የሰነዱን ቅጂ የስሙን መጨረሻ ከ.docx ወደ .zip ለውጠው ይክፈቱትና ሚዲያ የሚባለውን ፎልደር ይመልከቱ። ወርድ ለእያንዳንዱ ኤስቪጂ መጠባበቂያ የሚሆን ፒኤንጂ (በፒክስል የተሠራ ምስል) አብሮ ስለሚያስቀምጥ ፒኤንጂ ማየትዎ አያስደንግጥዎ፤ ችግሩ ኤስቪጂ ወይም ኢኤምኤፍ ሳይኖር ፒኤንጂው ብቻውን ከተገኘ ነው። የመጨረሻውን ፒዲኤፍም 800 በመቶ አጉልተው የኩሽኔታውን ክብ ጠርዝ ይዩት፤ ጥርት ብሎ ከቆየ ቬክተርነቱ አልጠፋም።

ተቆርጦ የሚታየው ሥዕል ምንም አልሆነም። የተቀመጠበት አንቀጽ የመስመር ርቀት ኤግዛክትሊ በሚለው ተወስኖ ስለሆነ ወርድ ለሥዕሉ የሰጠው የአንድ መስመር ቁመት ብቻ ነው፤ ወደ ሲንግል ሲለውጡት ሙሉው ይታያል። ለሥዕሎች ብቻ የሚሆን የአንቀጽ ስታይል አንድ ጊዜ ሠርተው ለአርባዎቹም ቢጠቀሙበት ይህ ችግር አይደገምብዎትም።