ሸዋ ሮቢት ላለ ቤት የውጭ ቀለም፦ ነጭ ወይስ ሌላ?

ጥያቄ ከ«የቀወት ልጅ»
ሰላም ለሁላችሁ። ሮቢት ከተማ 8 በ6 ሜትር የብሎኬት ቤት አለ፤ የግድግዳው ከፍታ 3 ሜትር ነው። የውጭ ልስኑ ካለቀ ሁለት ሳምንት ሆነው። ጣሪያው አዲስ ቆርቆሮ ነው፤ ኮርኒስ ገና አልተመታም። ፊቱ ወደ ምዕራብ፣ ወደ አስፋልቱ ነው። ቀቢው «ጥቁር ግራጫ ነው ፋሽኑ» ይላል፤ እኔ ግን ሙቀቱን ፈርቻለሁ። ነጭ ብቻ ነው የሚያዋጣው? ስንት ሊትርስ ይበቃል?

መልስ ከ«ልስንና ቀለም»
ግራጫውን ተወው ወንድሜ። ጠቆር ያለ ቀለም ያረፈበትን ፀሐይ አብዛኛውን ይውጣል፤ ነጭና ለነጭ የቀረበ ቀለም አብዛኛውን ይመልሳል። ብሎኬት ደግሞ ቀን የዋጠውን ማታ ወደ ውስጥ ይለቃል፤ ሮቢት ላይ እንቅልፍ የሚነሳውም ይኸው ነው።

ቢሆንም ጥርት ያለ ነጭ አስፋልት ዳር አልመክርም። አቧራው ቶሎ ያሳብቅበታል፤ ከሰዓት በኋላም ዓይን ይወጋል። ክሬም ወይም ፈዛዛ ቢጫ ይበቃሃል። ደማቅ ቀይና ሐምራዊ ፀሐይ ላይ ቶሎ ይለቃሉ፤ የአፈር መልክ ያላቸው ግን ይቆያሉ። ከታች 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ዞኮሎውን ቡናማ ብታደርገው የዝናብ ፍንጥቅጣቂ ጭቃ አይታይበትም፤ ቦታው ትንሽ ስለሆነ ሙቀት ጨመረ አይባልም።

አሁን ግን አትቀባ። ልስኑ 28 ቀን ይሙላው። ትኩስ ሲሚንቶ ውስጡ እርጥበትና የሚያቃጥል አልካሊ አለ፤ ፕላስቲክ ቀለሙን ያሳብጠዋል፣ ነጭ ጨው ያወጣበታል፤ ዘይት ቀለም ከሆነማ እንደ ሳሙና ያደርገዋል። የውስጥ ስቱኮም (ግድግዳ ማለስለሻው) ውጭ አይገባም፤ ዝናብ ሲነካው ይነሳል።

ሂሳቡ፦ ዙሪያው 28 ሜትር በ3 ሲባዛ 84 ካሬ፤ በርና መስኮት 10 ካሬ ብንቀንስ 74 ይቀራል። ሁለት እጅ (ሁለት ጊዜ ደርቦ መቀባት) 148 ካሬ ነው። በልስን ላይ አንድ ሊትር 8 ካሬ ያህል ስለሚሸፍን 20 ሊትር ያዝ። ፕራይመሩ (ከቀለሙ በፊት የሚቀባው) ለብቻው ነው። ኳርትዝ (አሸዋ ያለበት ቀለም) ከመረጥክ ግን ይህ ሂሳብ አይሠራም፤ ሸካራ ስለሆነ ብዙ ይበላል።

መልስ ከ«ቆርቆሮ መቺ»
ግድግዳው ላይ ይህን ያህል ከመጨነቅ በፊት ቀና በሉ። እኛ አገር ፀሐይ አናት ላይ ናት፤ ትልቁን ሙቀት የሚቀበለው ጣሪያው ነው። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ እያለ ግድግዳውን ወተት ብታስመስለው ለውጡ ትንሽ ነው። ገንዘቡ ካጠረ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ ኮርኒስ፣ ከኮርኒሱ በላይ በሁለቱ ጫፍ የወንፊት ሽቦ ያለው የአየር መውጫ፣ ነጭ የጣሪያ ቀለም፣ ከዚያ ግድግዳ።

ከግድግዳም ምዕራቡና ምሥራቁ ይቀድማሉ፤ ጠዋትና ማታ ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትመጣ የጣሪያ ክፈፍ አያድናቸውም። ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ ግን ከፍ ብላ ስለሆነ 60 ሳንቲ ሜትር የወጣ ክፈፍ ቀትር ላይ በአብዛኛው የሰሜን ግድግዳ ላይ ያጠላል። በታኅሣሥ ደቡቡ ላይ የሚያጠላው ከላይ 90 ሳንቲ ሜትር ያህሉን ብቻ ነው።

አስተያየት ከ«ራሳ»
ጣሪያውን ኖራ ቢቀባውስ? ርካሽ ነው።

መልስ ከ«ቆርቆሮ መቺ»
ለጭቃ ቤት ግድግዳ ኖራ ጥሩ ነው፤ ግድግዳው ይተነፍሳል። ቆርቆሮ ላይ ግን አይሆንም። ትኩስ ኖራ የቆርቆሮውን የዚንክ ልባስ ይበላዋል፤ ክረምት ሲገባም ታጥቦ አሸንዳውን ይሞላል። አዲስ ቆርቆሮ ላይ ዘይት ቀለም በቀጥታ መቀባትም ያው ነው፤ ከዚንኩ ጋር ስለሚጣላ በቅርፊት በቅርፊት ይነሳል። የፋብሪካውን ቅባት በሳሙና ውሃ ማጠብ፣ ለዚንክ የተሠራ ፕራይመር አንድ እጅ፣ ከዚያ በውሃ የሚቀጥን ነጭ የጣሪያ ቀለም ሁለት እጅ። ከነሞገዱና ክፈፉ 80 ካሬ ይሆናል፤ 16 ሊትር ገዝተህ ጀምር። የጣሪያ ውሃ በበርሜል የምትይዝ ከሆነ ሊድ (መርዛማው እርሳስ) የሌለበት መሆኑን ጣሳው ላይ አንብብ።

አስተያየት ከ«ባሶ»
ቀቢው ሥራውን ደብረ ብርሃን ለምዶት ይሆናል። እዚህ ከ2,700 ሜትር በላይ ነን፤ ጠቆር ያለ ግድግዳ ፀሐይ ቢይዝልን ደስታችን ነው። ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ነው፤ የጣርማበርን ዳገት ከወረድክ በኋላ የእኛን ምርጫ አትቅዳ።

መልስ ከ«ልስንና ቀለም»
እውነት ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ቀቢው ጥላውን እየተከተለ ይቀባ፤ ምዕራቡን ጠዋት፣ ምሥራቁን ከሰዓት። በጋለ ግድግዳ ላይ ቀለሙ ሳይዝ ይደርቃል፤ የሮለሩ መስመር ይቀራል፣ ኋላም ይላጣል። ከመቀባቱ በፊት አቧራውን ይጥረግ፤ የመጀመሪያውን እጅ ብቻ በአምስት ሊትር አንድ ሊትር ውሃ ያቅጥነው። ሁለተኛውንም እንዲሁ ካቀጠነው ልስኑ ያሳያል፤ ሊትር ለመቆጠብ ብዙዎቹ ያደርጉታልና ቆመህ ተመልከት።