ለአክሲዮን የተመደበው ገንዘብ ስለሚገባበት ሁኔታ፦ የጋራ ሐሳቡ ሁለተኛ ረቂቅ

ጸሐፊ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ የማኅበራችን ገንዘብ ለአክሲዮን ግዢ ስለሚውልበት መንገድ ለጠቅላላ ጉባኤው በምናቀርበው ሐሳብ ውስጥ አከራካሪ ሆኖ የቀረው አንቀጽ 3 ብቻ ነው። የአክሲዮን ገበያው ከወደቀበት ተነሥቶ ማገገም ጀምሯል፤ ይዝለቅ አይዝለቅ ግን አይታወቅም። ረቂቁ አሁን ባለበት «ማገገሙ ሲረጋገጥ ግዢው ይጀመራል» ይላል። አስተያየታችሁን እጠብቃለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦
ክቡር ጸሐፊ፣ «ሲረጋገጥ» የምትለው ቃል እንድትወጣ እጠይቃለሁ፤ የሚያረጋግጠው ማን እንደሆነ አልተጻፈምና። የ500 ያህል ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን የአክሲዮን ዋጋ የሚከታተለው ኤስ ኤንድ ፒ 500 መለኪያ እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 20 ቀን 2008 እስከ ጃንዋሪ 6 ቀን 2009 ድረስ 24 በመቶ ያህል በማገገሙ ክፉው ጊዜ ያለፈ ይመስል ነበር፤ ሁለት ወር ቆይቶ ግን ማርች 9 ቀን ከቀድሞው ዝቅታም ወርዶ 676 ላይ ተዘጋ። እውነተኛው መነሣት የጀመረው ከዚያ ነው፣ የ2007 ከፍታውን ያለፈውም በ2013 ነው። በ2020 ደግሞ 34 በመቶ ያህል ወድቆ፣ ከማርች 23 እስከ ኦገስት 18 ባለው ጊዜ፣ አምስት ወር ሳይሞላ፣ ወደ ነበረበት ቦታ ተመለሰ። በመጀመሪያው ጊዜ ቸኩሎ የገባ ተጎድቷል፤ በሁለተኛው ማረጋገጫ ሲጠብቅ የቆየ ትርፉ አምልጦታል። ስለዚህ ገንዘቡ በ12 እኩል ክፍል ተከፍሎ በየወሩ ይግባ የሚል ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንድ አባል፦
ሐሳቡን ብደግፍም ምክንያቱ በትክክል እንዲጻፍ እፈልጋለሁ። ቫንጋርድ የተባለው የአሜሪካ የኢንቨስትመንት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው ጥናት የአሜሪካን፣ የእንግሊዝንና የአውስትራሊያን ገበያዎች መርምሮ፣ ገንዘቡን በአንድ ጊዜ ያስገባ ሰው ከፋፍሎ ካስገባው የተሻለ ያገኘው ከሦስቱ ጊዜ በሁለቱ ያህል መሆኑን አሳይቷል። ምክንያቱም ገበያ በአብዛኛው ወደ ላይ ስለሚሄድ፣ ተራውን የሚጠብቅ ገንዘብ ያለ ሥራ ይቀመጣል። እንግዲህ መከፋፈል የሚሰጠን ተጨማሪ ትርፍ ሳይሆን ጽናት ነው፤ ለጉባኤው «የበለጠ ያተርፋል» ብለን ካቀረብነው አባላትን እናሳስታለን። እኔ ራሴ ገበያው ሲወርድ ደንግጬ ሸጬ፣ ከሸጥሁበት ዋጋ በላይ ከፍዬ መልሼ የገዛሁ ሰው ነኝ፤ የጽናትን ዋጋ የተማርሁት በገንዘቤ ነው።

የቁጥጥር ኮሚቴ አባል፦
ከአከፋፈሉ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ገንዘቡ የት እንደሚገባ ነው። እስካሁን የተጠቀሱት ምሳሌዎች ሁለቱም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ካገገመ ገበያ የተወሰዱ ናቸው። የጃፓን ትልልቅ ኩባንያዎችን የአክሲዮን ዋጋ የሚለካው ኒኬይ 225 እ.ኤ.አ. በ1989 መጨረሻ 38,915 ደርሶ ከወደቀ በኋላ ያንን ከፍታ ያለፈው በፌብሩዋሪ 2024 ነው፤ 34 ዓመት ለማንኛውም ማኅበር ረጅም ጊዜ ነው። ስሌቱም ጨካኝ ነው፤ በግማሽ የወረደ ገንዘብ ወደ መነሻው ለመመለስ እጥፍ ማደግ ይኖርበታል። ስለዚህ አክሲዮኑ በአንድ አገር ወይም በአንድ ዘርፍ እንዳይወሰን፣ በሚቀጥሉት 5 ዓመታት ለማኅበሩ ሥራ የሚያስፈልግ ገንዘብም ከነጭራሹ እንዳይገባ ይጻፍልኝ። ይህ ካልተጻፈ አልፈርምም።

ገንዘብ ያዥ፦
ሁለቱንም እቀበላለሁ። የግዢ ኮሚሽንን በተመለከተ፣ ክፍያው በእያንዳንዱ ግዢ ላይ በቁርጥ የሚታሰብ ከሆነ 12 ጊዜ መግዛት ስለሚያስወድድ፣ በየሩብ ዓመቱ ወደ 4 ዙር ዝቅ ማድረግ እንድንችል በር ይተውልን።

ጸሐፊ፦
በውይይታችሁ መሠረት አንቀጽ 3ን እንዲህ አሻሽዬዋለሁ፦ «ማኅበሩ በ5 ዓመት ውስጥ የማያስፈልገውን ገንዘብ ብቻ፣ በበርካታ አገሮችና ዘርፎች በተሰባጠረ ዝቅተኛ ወጪ ባለው የኢንዴክስ ፈንድ (የገበያ መለኪያን ተከትሎ የብዙ ኩባንያዎችን አክሲዮን በአንድነት በሚይዝ ፈንድ)፣ በ12 ወራት ውስጥ በእኩል ክፍልፋይ ያስገባል። የክፍልፋዩ ብዛት ከመጀመሪያው ግዢ በፊት እንደ ኮሚሽኑ ሁኔታ በ4 እና በ12 መካከል ይወሰናል። የገበያው መውረድም ሆነ መውጣት ብቻውን ግዢን ለማቆም ወይም ለማፋጠን ምክንያት አይሆንም።» የአከፋፈሉ ዓላማ የአባላትን መረበሽ መቀነስ እንጂ ትርፍ መጨመር አለመሆኑን በማብራሪያው ውስጥ አስፍሬአለሁ። ያልተነጋገርንበት አንድ ጉዳይ አለ፤ ግዢው ተጀምሮ ሳለ ማኅበሩ ድንገተኛ ወጪ ቢገጥመው የቀሩትን ክፍልፋዮች የማገድ ሥልጣን የሥራ አመራሩ ነው ወይስ የጉባኤው? እኔ ለጉባኤው ብቻ እንዲሆን አዘነብላለሁ፤ ድንጋጤ በጥቂት ሰዎች ስብሰባ ላይ ቶሎ ይዛመታልና። እስከ ዓርብ በጽሑፍ መልስ ስጡኝ።