ድሬዳዋ የኖራ ድንጋይ ካባ ላይ መሐንዲስ ሆናችሁ የሠራችሁ አላችሁ?

ጀማሪዋ፦
ሰላም ናችሁ? ማዕድን ምህንድስና ጨርሼ አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ፕላን ስሠራ ነበር። አሁን ድሬ ላይ ለሲሚንቶ የኖራ ድንጋይ የሚያወጣ ካባ ጋ ሥራ አገኘሁ። መደቡ «የካባ መሐንዲስ» ይላል፤ ምን እንደምሠራ ግን ደብዳቤው በቅጡ አይናገርም። እማዬ «ሙቀቱ ይገድልሻል» ትላለች። ጓደኞቼ ደግሞ ሥራው ድማሚት ማፈንዳት ብቻ ይመስላቸዋል። ቀኑ እንዴት ነው የሚያልፈው? ከመፈረሜ በፊት ምን ልጠይቅ? ሴት መሆኔስ ያስቸግረኛል?

የካባው ሰው፦
እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። እኔ ድሬ ኖራ ድንጋይ ላይ ነው ያረጀሁት፣ አሁንም እዚያው ነኝ።

እናትሽ ስለ ሙቀቱ አልተሳሳቱም። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከአዲስ አበባ በጣም ዝቅ ያለች። ነጩ ድንጋይ ላይ ስትቆሚ ደግሞ ፀሐዩ ከላይም ከታችም ይመታሻል። ስለዚህ ሥራ በጠዋት ነው። ሳይነጋ ሰርቪስ ትይዢያለሽ፤ ጭንቅላት የሚፈልገውን ሁሉ ከረፋዱ በፊት ጨርሺ።

ማፈንዳቱ የሥራው ትንሹ ክፍል ነው። ኖራ ድንጋይን ውሃ ይበላዋል። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን የፖርክ ኤፒክ ዋሻ ሄደሽ እዪ፤ እሱም ኖራ ድንጋይ ውስጥ ያለ ዋሻ ነው። ካባሽ ውስጥም እንዲህ ያለ ባዶ ቦታ አለ፣ ትንንሽ ቢሆንም። ከላይ አይታይም። የቆፈርሽው ጉድጓድ በዚያ ካለፈና አንቺ በሜትር ቆጥረሽ አንፎ የሚባለውን ፈንጂ ብትሞዪበት (አሞኒየም ናይትሬት 94፣ ናፍጣ 6 በመቶ) ፈንጂው ባዶው ውስጥ ይከማቻል። ከዚያ በኋላ ድንጋዩ የት እንደሚያርፍ ፈጣሪ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ ከፕላንሽ በፊት የድሪል ኦፕሬተሩን ስሚ። «ስንተኛው ሜትር ላይ ዘለለብህ? ቀይ አፈር ወጣ ወይ?» በይው። እኛ ጋ አንድ ጋሼ ነበሩ፤ ሻይ እየጠጡ የማሽኑ ድምፅ ሲቀየር «ባዶ ገባ!» ብለው ይነሳሉ። ተሄዶ ሲታይ ባዶ ነው።

ይሄን በየጉድጓዱ የሚመዘግቡበት ቅጽ እንዳላቸው ጠይቂ። ለእኔ ከደመወዙ ቀጥሎ የሚመጣ ጥያቄ ነው። የጉድጓዱን አፍ በምን እንደሚደፍኑም ጠይቂ። የተፈጨ ጠጠር ከሆነ ጥሩ። የቁፋሮውን ዱቄት መልሰው የሚሞሉ ከሆነ ግን ፍንዳታው በጉድጓዱ አፍ ተፍ ብሎ ይወጣብሻል።

ሁለተኛው ራስ ምታት ጥራት ነው። ለ1 ቶን ክሊንከር (ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው ከእቶን የወጣ ድንጋይ) 1.5 ቶን ገደማ ኖራ ድንጋይ ይገባል፤ ማንኛውም ነጭ ድንጋይ ግን አይሆንም። ማግኒዥየም ከበዛበት ሲሚንቶው ከጠነከረ በኋላ ይነፋና ይሰነጠቃል። ዛሬ ከየትኛው ጎን ስንት ሲኖ ይጫን የሚለውን የምትወስኚው አንቺ ነሽ። ምርት ክፍል «ቶሎ አምጪ» ይልሻል፣ ላቦራቶሪ «ይሄን አታምጪ» ይልሻል። ስልክሽን ሁሌ ቻርጅ አድርጊ።

ሌላው እረኞቹ ናቸው። ደረቁን ወንዝ ተከትለው ፍየልና ግመል ይዘው ከየት እንደመጡ ሳታውቂ ብቅ ይላሉ። ሳይረን ብቻውን አይበቃም። በየመግቢያው ኦሮምኛም ሶማልኛም የሚችል ሰው አቁሚ፤ «ጸድቷል» የሚለውንም ከእያንዳንዱ ሰው አፍ ካልሰማሽ እንዳታስተኩሺ። ፈንጂው እንደሆነ ያለ ፈቃድና ያለ ጥበቃ አይንቀሳቀስም፤ ወረቀቱ ግን ያሰለቻል።

ሐረርጌዋ፦
ማሬ፣ የሴቷን ጥያቄ እኔ ልመልስ። ሐረር በኩል የጠጠር ክሬሸር ላይ ነኝ። መጀመሪያ «ኢንጂነር» አይሉሽም፣ «ልጄ» ነው የሚሉሽ። አትቆጪ። አንድ ቀን «ይሄ ጎን ዛሬ አይነካም» ብለሽ ሥራ ታስቆሚያለሽ፤ ከዚያ ወዲህ ስምሽ ይስተካከላል። መጸዳጃ ቤት እንዳለና በቁጥርሽ የደኅንነት ጫማ እንደሚሰጡሽ ሳታፍሪ ጠይቂ። እኔን ካስቸገረኝ ሁሉ ጫማው ይብሳል፤ በወንድ ቁጥር ተዳፋት ላይ አይወጣም።

ደግሞ አቧራ። የእኛ ድንጋይ ግራናይት ነው፣ ኳርትዝ አለበት፣ ሳንባን ለዘለቄታው ይጎዳል። ኖራ ድንጋይ በዚህ ይሻላል ቢባልም ድሪሉ ላይ ውሃ መረጨት አለበት። የጨርቅ ማስክ ሰጥተው «ይበቃል» ካሉሽ እሺ አትበይ።

የደቻቱ ልጅ፦
አቦ እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፣ ነዋሪ ነኝ። አንድ ነገር ብቻ። ከካባ የሚወጣውን አፈርና ትርፍ ድንጋይ ደረቅ ወንዝ ውስጥ እንዳታስደፊ። ደረቅ ነው ብለው ነው የሚደፉት። በ1998 ክረምት ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ስንቱን ቤትና ሰው እንደወሰደ የድሬ ሰው አይረሳውም። ደመና ሳናይ ነው ጎርፍ የሚመጣብን፤ ዝናቡ የሚጥለው ላይ ተራራው ጋ ነው።

የካባው ሰው፦
ልክ ነህ ወንድሜ። የሚደፋበት ቦታ ፕላኑ ላይ እንዳለ እሱንም ጠይቂ።

ጀማሪዋ፦
በጣም አመሰግናለሁ ሁላችሁንም! ስለ ቁፋሮ ቅጹና ስለ ጫማው ነገ እደውልላቸዋለሁ። ከምሳ በኋላ 8 ሰዓት ላይ ሰው አገኛለሁ?

የካባው ሰው፦
በ8 ሰዓት? ድሬ? ሁሉም ጥላ ውስጥ ነው። በጠዋት ደውዪ።