ሃይማኖታዊ ሕግ በምዕራባውያን የፍርድ ሥርዓት ውስጥ ስፍራ ሊኖረው ይገባል?

የሙጋዱ፣ ከደሴ

ለንደን የምትኖር የእህቴ ልጅ እዚያው ኒካህ አስራ ትዳር ያዘች፤ ሁለት ልጆችም ወለደች። ዘንድሮ ትዳሩ ሲፈርስ፣ በባልየው ስም ከተገዛው ቤት ድርሻዋን ለመጠየቅ ጠበቃ ዘንድ ብትሄድ፣ በአገሩ ሕግ ፊት እሷና እሱ ባልና ሚስት ሆነው እንደማያውቁ ተነገራት። እናቷ ይህን በስልክ ስትሰማ ማመን አቃታት። እሷ ራሷ ከአርባ ዓመት በፊት እዚሁ ደሴ በኒካህ ብቻ የተዳረች ናት፤ ጋብቻሽ ጋብቻ አይደለም ያላት ዳኛም ሆነ ቀበሌ እስከ ዛሬ የለም።

እኛ ዘንድ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5፣ ተከራካሪዎቹ እስከ ፈቀዱ ድረስ የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲዳኝ በር ከፍቷል። የሸሪዓ ፍርድ ቤትም ከ1930ዎቹ ጀምሮ በመንግሥት አዋጅ ታውቆ የኖረ ነው። ሙስሊምና ክርስቲያን ተጋብቶና ተዋልዶ በሚኖርበት በወሎ፣ አንዱ ቃዲ ዘንድ ሌላው መደበኛ ፍርድ ቤት መሄዱ አገር ሲያፈርስ አላየሁም። ምዕራባውያንም እንደኛ ስፍራ ቢሰጡት ኖሮ ልጃችን ይህ በደል አይደርስባትም ነበር ብዬ አምናለሁ። ተሳስቼ ከሆነ ሕግ የምታውቁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

የሕግ ባለሙያ፣ ከኮምቦልቻ

ወንድሜ፣ ሐዘንዎ ይገባኛል፤ ነገር ግን ልጅቱን የጎዳት የሸሪዓ ፍርድ ቤት አለመኖሩ ሳይሆን የጋብቻው አፈጻጸም ይመስለኛል። በእንግሊዝ ሕግ ጋብቻ የሚጸናው ሕጉ በወሰነው ሥነ ሥርዓት ሲፈጸም ነው። የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን፣ አይሁድና ኩዌከር የሚባሉት የክርስትና ወገኖች የሚያስሩት ጋብቻ ከጥንት ጀምሮ በሕጉ የራሱ ስፍራ አለው። መስጊድም ቢሆን ለጋብቻ ማስፈጸሚያ ከተመዘገበና ሥርዓቱ ከተሟላ ኒካሁ ሕጋዊ ጋብቻ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጥንዶች ግን ይህን ሳያሟሉ በኒካህ ብቻ ይቀራሉ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2020 እ.ኤ.አ. በሰጠው ውሳኔ፣ እንዲህ ያለው ሥነ ሥርዓት ፈራሽ ጋብቻ እንኳ አይባልም፤ ስለዚህ በፍች ጊዜ የንብረት ክፍፍል መብት አያስገኝም ብሏል። የእኛ የቤተሰብ ሕግ ግን በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመውን ጋብቻ በክብር መዝገብ ሹም ፊት ከተፈጸመው እኩል ያያል። የእህትዎ ልጅ የአገሯን ልማድ ይዛ ሄዳ የተጎዳችው በዚህ ልዩነት ነው።

እዚያ የሸሪዓ ምክር ቤት የሚባሉት ደግሞ ፍርድ ቤቶች አይደሉም። በብዛት የሚያዩት የሃይማኖታዊ ፍች ጥያቄን ነው፤ የሚጽፉትም ውሳኔ በመንግሥት ዘንድ ትዳር አያፈርስም፣ ልጅ የማሳደግ መብትንም አይወስንም። በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው የግልግል ዳኝነት ሕግ ሰዎች ተስማምተው የንብረትና የንግድ ክርክራቸውን በሃይማኖታቸው ደንብ እንዲጨርሱ ይፈቅዳል፤ የለንደን አይሁዶች ቤት ዲን በሚሉት ሸንጎአቸው ይህንኑ ሲያደርጉ ኖረዋል። የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ሮዋን ዊሊያምስ በ2008 እ.ኤ.አ. ከሸሪዓ ውስጥ አንዳንዱ በአገሪቱ ሕግ መታወቁ የማይቀር ይመስላል በማለታቸው አገሩ ሁሉ ተናወጠ፤ ያነሱት ጉዳይ ግን ከዚህ ብዙም የራቀ አልነበረም። በካናዳ የኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት በበኩሉ ከረጅም ክርክር በኋላ፣ በ2006 እ.ኤ.አ. በሃይማኖት ሕግ የሚሰጥ የቤተሰብ ግልግል ውሳኔ በመንግሥት እንዳይፈጸም ከለከለ፤ ክልከላው የአይሁዱንም የክርስቲያኑንም አንድ ላይ የጠቀለለ ነበር።

እኔ ከሁሉም ልክ የሚመስለኝ፣ እንግሊዞች በ2002 እ.ኤ.አ. ለአይሁድ ሴቶች ያወጡት ሕግ ነው። ባልየው ጌት የሚባለውን የሃይማኖት ፍች ጽሑፍ እስኪሰጥ ድረስ ዳኛው የመንግሥቱን ፍች ማዘግየት ይችላል። እዚህ ላይ መንግሥት በሃይማኖቱ ውስጥ ገብቶ አልፈረደም፤ ሴቲቱ በሁለት በር መካከል ተይዛ እንዳትቀር ብቻ አድርጓል።

እህታችሁ፣ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር

ሁለታችሁም ስለ ፈቃድ በቀላሉ ተናግራችሁ አለፋችሁ፤ እኔ ግን ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነው እላለሁ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አዋጅ የተከራካሪዎችን ግልጽ ፈቃድ ይጠይቃል። ነገር ግን ያው አዋጅ መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ተከሳሽ እንደ ፈቀደ ይቆጠራል ይላል፤ ፈቃድ የተሰጠበት ጉዳይም ወደ መደበኛ ፍርድ ቤት አይዛወርም። ማንበብ የማትችል፣ መጥሪያውን ታላቅ ወንድሟ የተቀበለላት ሴት ፈቅዳለች ይባላልን? አክስቴ የአባቷን ውርስ ያጣችው በፍርድ ተሸንፋ አልነበረም። ሽማግሌ ቤት መጥቶ «ቤተሰብ አታዋርጂ» ባላት ጊዜ ዝም በማለቷ ነበር።

የፌዴሬሽን ምክር ቤት በ1996 ዓ.ም. አንድ የውርስ ክርክር ተመልክቶ፣ ተከሳሾቹ ሳይፈቅዱ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የሰጡትን ውሳኔ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ስለሚቃረን ሽሮታል። ተከሳሾቹ ከመጀመሪያው ቀን አንፈቅድም እያሉ እዚያ እስኪደርሱ ግን የመጨረሻውን የሸሪዓ ፍርድ ቤትና የሰበር ችሎቱን ማለፍ ነበረባቸው። ያን ያህል መንገድ የሚሄድ ስንት ሰው አለ?

ስፍራ መስጠት ማስገደድ ሲሆን ምን እንደሚመስል ማየት የሚሻ ደግሞ ግሪክን ይመልከት። በምዕራብ ትራቄ አንድ ሙስሊም ንብረቱን ሁሉ ለሚስቱ ተናዞ፣ ኑዛዜውን በአገሩ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት በውል አዋዋይ ፊት አጽፎ ሞተ። የሟቹ እህቶች ሙስሊም በሸሪዓ እንጂ በዚህ ኑዛዜ አይወርስም ብለው ከሰሱ፤ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም ተቀበላቸው። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 2018 እ.ኤ.አ. ይህ በሃይማኖት ምክንያት የተደረገ አድልዎ ነው ሲል ወሰነ። ሰውየው የሁሉንም ዜጋ ሕግ መርጦ ሳለ መንግሥት አንተ ሙስሊም ነህ ብሎ ምርጫውን ነጠቀው። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ በሃይማኖቴ ልዳኝ ስል እኔው ራሴ ልበል እንጂ ስሜ አይበልልኝ።

የሙጋዱ፣ ከደሴ

እህቴ፣ የጻፍሽው ከበደኝ፤ እናቴም እንዲሁ ዝም ያለችበት ቀን ትዝ አለኝ። አሁን የገባኝ ልጃችን በመንግሥት ዘንድ ሚስት ሳትሆን፣ በሃይማኖቷ በኩል ደግሞ ፍች ስላላገኘች ሚስት ሆና መቅረቷን ነው። ወንድሜ፣ ለቤቱ የቀረ መንገድ አለ?

የሕግ ባለሙያ፣ ከኮምቦልቻ

አለ። ጋብቻ ባይኖርም፣ ለቤቱ ግዢ ወይም ለብድሩ ክፍያ ገንዘብ አውጥታ ከሆነ፣ ቤቱ የሁለታቸው እንዲሆን የጋራ አሳብ እንደነበራቸው በማስረዳት ድርሻ መጠየቅ ትችላለች። የልጆቹ ቀለብም በወላጆቹ ጋብቻ ላይ የተመሠረተ አይደለም። ከሁሉ አስቀድማ የባንክ ወረቀቶቿንና የተጻጻፏቸውን መልእክቶች ትሰብስብ፤ ሃይማኖታዊውን ፍች ለሸሪዓ ምክር ቤቱ ለብቻው ታመልክት፤ እዚያ ስለ ቤቱ አንዳች እንድትፈርም ቢጠይቋት ግን ጠበቃዋ ሳያየው አትፈርም።