ለፋሲካ አገር ቤት ልገባ ነው፣ ብራስልስና አካባቢው ደህና ቸኮሌት ቤት ጠቁሙኝ

ከሼርቤክ፦
ሰላም የቤልጂየም አበሾች፣ ጾሙን በሰላም ያስፈጽማችሁ። ከ4 ዓመት በኋላ ለፋሲካ አዲስ አበባ ልገባ ነው። ትኬቱ ተቆርጧል፣ 12 ቀን ቀርቶኛል። ትናንት አክስቴ ደውላ "ባለፈው ያመጣሽው ቸኮሌት የቤልጂየም አይደለም አሉ፣ እውነት ነው?" አለችኝ። እውነቷን ነው። ያኔ ወረቀት ካገኘሁ ገና ሁለት ወሬ ነበር፣ ከአንድ ርካሽ ሱቅ በኪሎ የሚሸጠውን አፍሼ ሄድኩ። የአክስቴ ልጅ ጀርባው ላይ የተጻፈውን አንብቦት ነው። በጣም አፈርኩ፣ እስካሁን ትዝ ሲለኝ ፊቴ ይቃጠላል።

አሁን 30 ሰው ገደማ አለብኝ፣ በጀቴ 150 ዩሮ ነው። የአገሬው ሰው ራሱ የሚገዛበት፣ ኪስ የማይጎዳ ቤት የት አለ? ለእማዬ ደግሞ የጾም መሆን አለበት፣ የምደርሰው ሕማማት ላይ ነው። ሌላው፣ 6 ኪሎ ያህል ይዤ ብገባ ቦሌ ላይ ቀረጥ ይጠይቁኛል?

ከኢክሰል፦
እንኳን ለዚህ አበቃሽ እህቴ! መጀመሪያ የማትገዢበትን ልንገርሽ። ግራን ፕላስና የሚሸናው ልጅ ሐውልት አካባቢ፣ ዋፍል ከፊት ደርድረው ቸኮሌቱን አስቀድመው በላስቲክ አሽገው የሚሸጡት ጋ አትግቢ። አንዱ ጋ "5 ሳጥን ግዢ አንዱ በነጻ" ብለውኝ ገዝቼ ነበር። ቤት ገብቼ ስከፍተው ግማሹ ነጭ ነጭ ብሏል፣ ልመልስ ስል "የተከፈተ አንቀበልም" አሉኝ።

ወደ ሳብሎን አደባባይ ውጪ። ዊታሜር የሚባለው ቸኮሌት ቤት በ1910 እዚያ የተከፈተ ነው፣ ማርኮሊኒም አለ። ሩ ሮያል የሚባለው መንገድ ላይ ደግሞ ማሪ አለች፣ በ1919 አንዲት ሴት የከፈተችው ቤት ነው፣ ለቤተ መንግሥት የሚያቀርብ። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ እነዚህ ለ30 ሰው አይሆኑም። ለእማዬ ትንሽ ሳጥን፣ በቃ።

ጋሼ ከአንደርሌክት፦
ልጄ፣ እዚህ አገር ቸኮሌት ፋብሪካ 19 ዓመት ሠርቻለሁ፣ እስቲ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳሽ። ሰው "ቸኮሌት ቤት" ሲል ባለቤቱ ካካዎውን ቆልቶ፣ ፈጭቶ የሚሠራ ይመስለዋል። አብዛኛው እንደዚያ አይደለም። ቸኮሌቱን ፈሳሽ ሆኖ በቦቴ፣ ወይም በጆንያ እንደ አዝራር ተደርጎ፣ ከትልልቅ ፋብሪካ ይገዛል። ዊዘ የሚባል መንደር ያለው ካልቦ ከ1911 ጀምሮ ይሠራል፣ ግማሹ ከተማ ከእነሱ ነው የሚቀዳው ብልሽ አላጋነንኩም። ይሄ ነውር አይደለም፣ ልዩነቱ ውስጡ የሚገባው ነው። ካካዎውን ከፍሬው ጀምሮ ራሱ የሚቆላ ከፈለግሽ ማርኮሊኒ አለ፣ ኩከልበርግ ደግሞ ፍሬደሪክ ብሎንዴል አለ። በሩን ስትከፍቺ ሽታው ቡና ሲቆላ የሚመጣውን ዓይነት ነው።

ሁለተኛ፣ ጀርባውን አንብቢ። የአውሮፓ ሕግ ከካካዎ ቅቤ ሌላ የአትክልት ቅባት እስከ 5 ከመቶ ይፈቅዳል፣ ግን መጻፍ ግዴታ ነው። ፓልም ወይም ሺያ የሚል ካየሽ መልሰሽ አስቀምጪው።

ሦስተኛ፣ ይሄን አበሻ ሁሉ ቢያውቀው ደስ ይለኛል። ኖይሃውስ የሚባለውን ቸኮሌት ቤት የጀመረው ከስዊዘርላንድ የመጣ ሰው ነው፣ በ1857 እዚህ ብራስልስ የንግሥቲቱ ጋለሪ ውስጥ መድኃኒት ቤት ከፈተ፣ መራራውን መድኃኒት በቸኮሌት ይሸፍነው ነበር። የልጅ ልጁ በ1912 በመድኃኒቱ ፈንታ ክሬም ከተተበትና ፕራሊን የሚባለው ተወለደ። ሳጥኑን፣ ባሎታን የሚሉትን፣ በ1915 ያወጣችው የዚህ የልጅ ልጅ ሚስት ናት፣ በወረቀት ሾጣጣ ሲሸጥ እየተጨፈለቀ ስላስቸገረ። ሊዮኒዳስ የሚባለውን ቸኮሌት ቤት የመሠረተው ደግሞ ግሪክ ነው። አሜሪካ ተሰዶ ኖሮ፣ ለኤግዚቢሽን መጥቶ፣ አንዲት የብራስልስ ልጅ ወዶ በ1913 እዚሁ ቀረ። "የቤልጂየም" የምንለው ቸኮሌት የስደተኛ እጅ አለበት።

ከሼርቤክ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ብዙ ተማርኩ። ግን ለ30 ሰው በ150 ዩሮ የት ልሂድ?

ከሉቨን፦
የጾሙን እኔ ልመልስልሽ። ጥቁር ስለሆነ ብቻ የጾም ነው ብለሽ እንዳትገዢ፣ ፕራሊን ከላይ ጥቁር ሆኖ ውስጡ ክሬምና ቅቤ ሊሆን ይችላል። የአለርጂ ዝርዝር የማሳየት ግዴታ አለባቸው፣ "ሌ" ወይም "ሜልክ" (ወተት ማለት ነው) የሚል አለበት ወይ ብለሽ ጠይቂ፣ አያፍሩም አያሳፍሩም። እኔ ለእናቴ የምወስደው የብርቱካን ልጣጭ በስኳር ተቀቅሎ ጥቁር ቸኮሌት ውስጥ የተነከረውን ነው። ሎራን ዠርቦ የሚባለው ቸኮሌት ሠሪ፣ ከብራስልስ ማዕከላዊ ባቡር ጣቢያ በላይ፣ በለስና ዝንጅብል በቸኮሌት ይሠራል፣ እሱንም ጠይቂ። ሙስሊም ጎረቤቶች ካሏችሁ ደግሞ ሊኬር (አልኮል) ያለበትን ለይተሽ አስወጪ።

ከጌንት፦
እህቴ አትቀየሚኝ። 150 ዩሮ ለቸኮሌት? ብሩ በ2024 ሐምሌ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ 150 ዩሮ እዚያ ምን እንደሚሠራ ታውቂያለሽ። አባቴ ስኳር አለበት፣ ኢንሱሊኑን የምገዛው እኔ ነኝ። 30 ሰው አንድ አንድ ፍሬ ጎርሶ 5 ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ የሚያልቅ ነገር ተሸክሞ መሄድ አይገባኝም። ደግሞ አዲስ አበባ ሱፐርማርኬቱ ሁሉ ሞልቶታል። ብሩን ለአክስትሽ በእጇ ስጫት።

ከሼርቤክ፦
ወንድሜ፣ በየወሩ 200 ዩሮ እልካለሁ፣ ሆቴል አልጋ እያነጠፍኩ። ይሄ ከዚያ ላይ አይቆረጥም። 4 ዓመት ሙሉ በስልክ ያየሁትን ሰው ባዶ እጄን ልሂድበት?

ከሊዬዥ፦
እኔ የዛሬ ሦስት ዓመት አንድ ሳጥን ፕራሊን ይዤ ደሴ ገባሁ። እናቴ ቡና አፍልታ ጎረቤቱን ጠራች። አንዷን ፍሬ ሰሃን ላይ አድርጋ በቢላ ለአራት ከፈለቻት። መሃሉ ለስላሳ ስለነበር ቢላው ላይ ተለጠፈ፣ በጣቷ ጠርጋ ቀመሰችና "ይሄስ ለውዝ አለበት" አለች። እንደዚያ እየከፈለች 24 ፍሬ ለሳምንት አደረሰችው። ሳጥኑ ዛሬም ቡፌው ላይ ነው፣ የእድር ደብተሯንና የመብራት ደረሰኝ ታስቀምጥበታለች። ቪዲዮ ስንደዋወል ከጀርባዋ ይታየኛል። እዚህ ሊዬዥ ዝናቡ ሳያባራ ሁለት ሳምንት ሲሆን እሱን ሳጥን እያየሁ ነው የማወራት። ውሰጂ እህቴ።

ከጌንት፦
ለእናት ማን ምን አለ? እኔ የምለው ለዘመድ አዝማዱ ነው። ወርቃማ ሳጥን ተሸክመን እንገባለን፣ ስለምናጥበው ሽንት ቤት ግን ትንፍሽ አንልም። ከዚያ ልጁ ሁሉ አውሮፓ ቸኮሌት ነው ብሎ ይነሳል።

ከኢክሰል፦
ሰው በቸኮሌት ምክንያት ባሕር አይገባም። ሥራ አጥቶ፣ ጦርነት ሸሽቶ ነው የሚገባው። አንተስ ለምን መጣህ?

ከጌንት፦
የወንድሜ ልጅ ሊቢያ ነው ያለው። ከወጣ አምስት ወሩ። 19 ዓመቱ ነው። ባለፈው ስገባ ጫማና ስልክ የወሰድኩለት እኔ ነኝ። "ያንተ ኑሮ ምን ይጎድለዋል" ነበር ያለኝ። እውነቱን አልነገርኩትም፣ አፌን ያዘኝ። ስለዚህ ምክንያት አይሆንም አትበይኝ።

ከሊዬዥ፦
እግዚአብሔር በሰላም ያውጣው ወንድሜ። ግን እውነቱን መናገርና ስጦታ መውሰድ ይጣላሉ እንዴ? እኔ የማጥበውን ሽንት ቤት ለእናቴ ነግሬአታለሁ፣ ቸኮሌቱንም ወስጄላታለሁ።

ከጌንት፦
እናትሽ ሰምታሽ ይሆናል። የእኔዎቹ ብነግራቸውም የሚያዩት የያዝኩትን ነው።

ጋሼ ከአንደርሌክት፦
ልጄ የጌንቱ፣ ስልክህን በውስጥ ላክልኝ፣ ዛሬ ማታ እናወራለን። ብቻህን አትያዘው።

የሼርቤኳ፣ ያንቺን አልረሳሁም። ቭሌዘንቤክ ያለው የኖይሃውስ ፋብሪካ የራሱ መሸጫ አለው፣ ከከተማው ሱቅ ዋጋው ይቀንሳል፣ ያስቀምሱሻልም። ኤራስም ሜትሮ ወርደሽ በእግር ይደረሳል። ለብዛቱ ሊዮኒዳስም በኪሎ ብዙ አይጎዳም፣ የአገሬው ሰው እንግድነት ሲሄድ የሚይዘው እሱን ነው። የምትበሪው የፈረንጁ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ከሆነ ደግሞ ሱፐርማርኬቱ የተረፈውን የዕንቁላል ቸኮሌት ዋጋ ይጥላል። ለልጆቹ ከዚያ ግዢ፣ ለትልልቆቹ ከፋብሪካው። ክሬም ያለበትን መጨረሻ ላይ ግዢ፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ነው ዕድሜው። ፍሪጅ ውስጥ አትክተቺው፣ ያልበዋል። የካካዎ ቅቤ 34 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፣ ሻንጣው መሃል ልብስ ውስጥ ጠቅልዪው፣ ከቦሌ ስትወጪ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ አትተዪው። የሚቀባውን ቸኮሌት በእጅ ሻንጣ እንዳትይዢ፣ እንደ ፈሳሽ ቆጥረው ይነጥቁሻል።

ከሼርቤክ፦
ጋሼ እድሜ ይስጥልኝ። በዓሉ ሰኞ ድረስ ነው፣ የምበረው ማክሰኞ ማታ ነው፣ ስለዚህ የዕንቁላሉን ማክሰኞ ጠዋት እገዛለሁ። ቭሌዘንቤክ ቅዳሜ እሄዳለሁ፣ በፈረንጅ 10 ሰዓት ኤራስም ሜትሮ በር ላይ ነኝ፣ መምጣት የሚፈልግ ይምጣ። የጌንቱ ወንድሜ፣ የልጁን ስም በውስጥ ላክልኝ፣ እማዬ በሕማማቱ ታስበዋለች።

የቦሌውን ቀረጥ ግን ማንም አልመለሰልኝም። በቅርብ የገባ ሰው አለ?