ለጋሼ ሙት ዓመት የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ፦ ረቂቁን እናርመው

ጸሐፊው፦ ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበውን እዚህ እያረምን እንጨርስ። ጉባኤው የሚካኤል ማግስት ነው፤ ከዚያ እስከ ጋሼ ሙት ዓመት ሁለት ሳምንት አይሞላም። እኔ የጻፍሁት እንዲህ ይላል፦ «በቡሬ ከተማ ለረጅም ዘመን በመኪና ሽያጭ ሥራ የኖሩትንና ብዙ ውለታ የዋሉልንን የዕድራችንን አባል ለማስታወስ፣ በመናኸሪያው መግቢያ ሐውልት እንዲቆም፤ ወጪውም በአባላት መዋጮ እንዲሸፈን።»

ጡረተኛው መምህር፦ እጅህ ይባረክ፤ ነገር ግን «ብዙ ውለታ» ማለት ምን ማለት ነው? ጋሼን የማያውቅ ልጅ ቢያነበው ምን ይረዳል? ግቢያቸው ውስጥ ለሽያጭ ከቆሙት መኪኖች አንዷ ነዳጅ ሳይጎድልባት፣ ቁልፏ ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ታድር ነበር። ምጥ የያዛት እናት በቃሬዛ ከገጠር ስትደርስ በሩን ማንኳኳት ብቻ ነው። አንድ ገዢ የኋላውን ወንበር ልብስ ገልጦ «ይህ ምንድን ነው?» ሲላቸው፣ «ደም ነው፤ ልጁ ግን ደኅና ነው» ብለው ዋጋ ቀነሱለት። ቆሜ ነበር። ይህ ይግባ።

የጭነት ሾፌሩ፦ እኔ ሐውልቱን አልደግፍም። እሳቸውም በሕይወት ቢኖሩ «ሲሚንቶውን ለጤና ጣቢያው አጥር አድርጉት» ይሉ ነበር። በኤንትሬ የጭነት መኪና ረዳትነት ስንከራተት ኖሬ የራሴን አይሱዙ የያዝሁት በእሳቸው ነው። ቀብድ አልጠየቁኝም። «በርበሬው ገበያ ሲወጣ ታመጣለህ» አሉኝ፤ ደብተራቸው ላይ ጻፉ፤ ቁልፉን ሰጡኝ። ዛሬ ከቡሬ ነቀምት፣ ከቡሬ ማርቆስ የሚመላለሰው ሾፌር ግማሹ ቢጠየቅ ታሪኩ ይኸው ነው። መታሰቢያው ይህን ይቀጥል።

ከአዲስ አበባ፣ የሕግ ባለሙያዋ፦ ወንድሜ፣ ያ አሠራር ጋሼን ምን እንዳስከፈላቸውም ይታወስ። ዕዳው እስኪያልቅ ሊብሬው፣ ማለትም የመኪናው የባለቤትነት ደብተር፣ በስማቸው ይቆይ ነበር። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2081 መሠረት መኪና ጉዳት ካደረሰ ባለቤቱ ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርደው ቁልቁለት ፍሬን እምቢ ያለው የዚያ ልጅ አደጋ ትዝ ይላችኋል? ሽማግሌ ይዘው ሐዘንተኞቹ ቤት የሄዱት፣ ካሳውንም የከፈሉት ጋሼ ናቸው። መሪውን ግን አልያዙም ነበር። እኛ «እንቀጥል» ስንል ይህንንም እንቀጥል ማለታችን ነው?

ሒሳብ ያዥዋ፦ እኔ ደግሞ ሳጥኑን የማየው ነኝና የሚያስቀይም ነገር ልናገር። መኪና ገዝተን በእምነት ማደል አንችልም። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ የበረታው በአሮጌ መኪና ላይ ነው፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ ተከለከለ። ጋሼ ያገለገለ ዶልፊን አምጥተው ለሠፈር ልጅ የሚሰጡበት ዘመን አልፏል። ጎማና ባትሪ ግን እንችላለን። በጎማ ምክንያት ወር ሙሉ የቆመ ባጃጅ ስንት እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን።

የሕግ ባለሙያዋ፦ ጎማውም ቢሆን ብድር ነው። ዕድር ለቀብርና ለሐዘን እንጂ ለማበደር አልተቋቋመም። ሾፌሮቹ በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ 985/2009 መሠረት የቁጠባና ብድር ማኅበር ይመሥርቱ፤ ዕድሩ የሚያዋጣው ለምሥረታው ወጪ ብቻ ይሁን። የዕድሩ ሳጥንና የብድሩ ሳጥን ከተቀላቀለ የምንጣላው በመጀመሪያው ቀብር ላይ ነው።

ጸሐፊው፦ ተስማምቻለሁ፤ ሐውልቱን ሰርዣለሁ። አንድ የከበደ ነገር ቀርቷል። ልጃቸው ደብተሩን አምጥታ አሳየችኝ። ያልተከፈለ ዕዳ ብዙ ነው። የጋሼ ባለቤት እትዬ «የማንም ስም እንዳይነበብ» ብለዋል። «ዕዳ ያለበት ሁሉ ለመታሰቢያው ይክፈል» የሚል አንቀጽ ብንጨምርስ?

ጡረተኛው መምህር፦ በጭራሽ! ሟች በሕይወት ሳሉ ያልጠየቁትን እኛ በሙት ዓመታቸው ልንጠይቅ? የሰው ስም በጉባኤ አይነሣም። እትዬ የተናገሩት ይከበር።

ሒሳብ ያዥዋ፦ ስም ይነሣ ያለ የለም፣ መምህር። ነገር ግን መክፈል የሚፈልግም አለ፤ ለእሱ በር ዝግ መሆን የለበትም።

የጭነት ሾፌሩ፦ ስሜ እዚያ ደብተር ላይ አለ። የመጨረሻውን ሳልከፍል ሞቱ። ለቅሶ ቤት ሄጄ ለእትዬ ልሰጥ ብሞክር እጄን መለሱት። ከዚያ ወዲህ በዚያ በር ሳልፍ አንገቴን እደፋለሁ። «ይክፈል» አትበሉ፤ «መስጠት የፈለገ ስሙን ሳይጽፍ ያስገባ» በሉ። እኔ የመጀመሪያው እሆናለሁ።

ጡረተኛው መምህር፦ እንዲህ ከሆነ እኔም እስማማለሁ።

ጸሐፊው፦ እንግዲያው የታረመው ይኸው፦ «1ኛ፣ እትዬ ለዕድሩ እንሰጣለን ያሏት ፒክአፕ ላንድክሩዘር ለወላድና ለድንገተኛ ሕመምተኛ በነፃ ታገልግል። ነዳጇ ከወርኃዊ መዋጮ ይሸፈን። 2ኛ፣ ሾፌሮች የቁጠባና ብድር ማኅበር እንዲመሠርቱ ዕድሩ የምሥረታውን ወጪ ይደግፍ። 3ኛ፣ መስጠት ለሚፈልግ ስም የማይጻፍበት ሳጥን ይቀመጥ፤ የሳጥኑ ገንዘብ ለመኪናዋ ጥገና ብቻ ይዋል።»

የሕግ ባለሙያዋ፦ በአንደኛው ላይ ጨምሩ፦ መኪናዋ ከመንቀሳቀሷ በፊት ቤተሰቡ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ያውጣ፣ ከዚያ ስም ይዙር፣ የሦስተኛ ወገን መድንና ቦሎ ይሟላ። የስም ማዞሪያው ወጪ የእትዬ እንዳይሆን። አንቀጽ 2081ን ደግሞ አትርሱ፤ ከእንግዲህ ባለቤቱ እኛ ነን።

ሒሳብ ያዥዋ፦ ተመዝግቧል። የሌሊት ተረኛ ሾፌርስ? ያለ ተረኛ ቁልፉ ምስማር ላይ ቢውል ቢያድር ምን ይረባል?

የጭነት ሾፌሩ፦ ከመንገድ የምመለሰው ዓርብ ማታ ነው። ቅዳሜና እሑድን በእኔ ጻፊ። ሌላውን ቀን ነገ መናኸሪያ ወርጄ ከልጆቹ ጋር እነጋገራለሁ።