የግሪክ ጉዞ፣ አቴናና ቆሮንቶስ ብቻ ይበቃል ወይስ ፊልጵስዩስም?

የጣና ዳሩ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ባህር ዳር ያለን የጽዋ ማኅበርተኞች የጣና ገዳማትን ተሳልመናል፣ አሁን ደሞ የቅዱስ ጳውሎስን ዱካ ይዘን ግሪክ ልንሄድ ነው። ክረምት ሥራ ስለሚቀዘቅዝ ሐምሌ ብለናል። አስጎብኚው የላከልን ፕሮግራም ግን አቴናና ቆሮንቶስ ብቻ ነው፣ ፊልጵስዩስ ይርቃል አለን። ከእናቶች አንዳንዶቹም የጣዖት ቤት ፍርስራሽ ለማየት ምን አደከመን እያሉ ነው። የምታውቁ ምከሩን።

ሽምብጥ፦
ወንድሜ በማርያም ፊልጵስዩስን እንዳትተዉት። ልድያ ከነቤተሰቧ የተጠመቀችው እዛ ነው፣ ከፍርስራሹ ትንሽ ወጣ ስትል ወንዙ ዛሬም ይፈሳል፣ አጠገቡ የግሪክ ኦርቶዶክሶች የሠሩት የጥምቀት ቤት አለ፣ እናቶች የሚሳለሙት የሚያገኙት እዛ ነው፣ ሌላው እንደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት መጋረጃና ሥዕል ያለው ሳይሆን ሜዳ ላይ የቆመ ድንጋይ ስለሆነ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ደሞ ሮማውያን ያነጠፉት የኤግናጥያ መንገድ እዛው ፍርስራሹ መሀል አለ፣ የጋሪ ጎማ ድንጋዩን በልቶ ቦይ አውጥቶበታል፣ ጎንበስ ብለህ በጣትህ ትዳስሰዋለህ። ጳውሎስና ሲላስ ተገርፈው ከወህኒ ከወጡ በኋላ ወደ ተሰሎንቄ የሄዱት በዚህ መስመር ነው። ከተሰሎንቄ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፣ ምኑ ነው የሚርቀው? በተሰሎንቄ ገብታችሁ በአቴና ውጡ።

እህተ ማርያም፦
ሐምሌን ተዉት በጣም። እኛ ዝናብ ላይ ስንሆን እዛ ሐሩር ነው፣ አቴና 40 ዲግሪ ትደርሳለች፣ ሲብስም አክሮፖሊስን፣ የጥንት ቤተ ጣዖቶቹ ያሉበትን ኮረብታ፣ እኩለ ቀን ላይ የሚዘጉበት ጊዜ አለ። ጥቅምት አድርጉት። ስለ ጣዖቱ ለእናቶች ሐዋርያት ሥራ 17ን አንብቡላቸው፣ ጳውሎስ ራሱ ከተማውን ዞሮ መሠዊያቸውን አይቶ ነው «ለማይታወቅ አምላክ» ከሚለው ጽሑፍ ተነስቶ የሰበካቸው። የሰበከበት የሚባለው የአርዮስፋጎስ ዓለት ላይ መውጣት ነፃ ነው ግን ድንጋዩ በእግር ብዛት ልሞ ያንሸራትታል፣ የብረት ደረጃ አለው፣ ጉልበት የሚያማቸው እታች ስብከቱ በግሪክኛ የተጻፈበት ሰሌዳ ጋ ቁጭ ብለው በአማርኛ ቢነበብላቸው ይበቃል። ቆሮንቶስም ጳውሎስ የሮማው ገዥ ጋልዮስ ፊት የቀረበበት የፍርድ አደባባይ አለ። ደልፊ የምትባል የግሪክ ጥንታዊ ቦታ ላይ ጋልዮስ የገዛበትን ዘመን የሚጠቁም፣ ስሙ ያለበት የድንጋይ ጽሑፍ ተገኝቶ ነው ጳውሎስ እዛ የነበረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ51 ገደማ መሆኑ የታወቀው።

ቀበሌ 11፦
ቪዛውን አሁኑኑ ጀምሩ። ግሪክ የምትጠይቀውን ሼንገን የሚባለውን የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ ከጉዞው 6 ወር በፊት ማስገባት ይቻላል፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ ይጠይቃሉ፣ በማኅበር ብትሄዱም ማመልከቻው የየግል ነው።

የጣና ዳሩ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለጥቅምት እናዞረዋለን፣ አስጎብኚው ፊልጵስዩስን ካላስገባ ሌላ እንፈልጋለን። ከተሰሎንቄ አቴና ግን 500 ኪሎ ሜትር ነው፣ ለእናቶች በአውቶብስ ይከብዳል ወይስ በባቡር ይሻላል?